አደጋን ለማጥናት የትኛውን መንገድ መምረጥ ይሻላል? ለአንትሮፖሎጂ ተማሪዎች የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

ድርቅን፣ ጎርፍን ወይም የመሬት መንሸራተትን ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠ የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ጥናቱ ቦታ፣ ስለ ቋንቋው፣ ስለ መጓጓዣውና ስለ ትብብር ደብዳቤው ነው። እነዚህ ሁሉ ያስፈልጋሉ፤ ውጤቱን ከሁሉም በላይ የሚወስነው ግን አጥኚው የአደጋውን ታሪክ ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር ነው። የ1966ቱን የወሎ ረሃብ ዝናቡ ከቀረበት ወር ብንጀምረው ምክንያቱ ሰማዩ ይሆናል፤ ገበሬው በሬውን ከሸጠበት ገበያ ብንጀምረው የገቢና የዋጋ ጉዳይ ይሆናል፤ ጭሰኛው ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር ከተካፈለበት አውድማ ብንጀምረው ደግሞ የመሬት ሥሪቱ ይሆናል። ሦስቱም አጀማመሮች እውነት ይዘዋል፤ ሆኖም አንድ የማስተርስ ጽሑፍ ሦስቱንም በእኩል ጥልቀት መሸከም ስለማይችል መምረጥ ግድ ነው።

ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት አምስት አቀራረቦች በንድፈ ሐሳብ መማሪያዎች ውስጥ በየስማቸው ተለይተው ይቀርባሉ። እዚህ ግን የሚመዘኑት ታሪኩን ከየት ይጀምራሉ፣ ማንን ያናግራሉ፣ ምን ይሰውራሉ፣ ምን ያህል ጊዜስ ይጠይቃሉ በሚሉት ጥያቄዎች ነው።

ሕዝብና አካባቢው የተላመዱበትን ሥርዓት ማጥናት

የባህል ሥነ ምህዳር የሚባለው አቀራረብ የሚነሳው አደጋ ካልደረሰበት ዘመን ነው። አጥኚው ሕዝቡ ከመሬቱ፣ ከውኃውና ከከብቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር አስቀድሞ ይመዘግባል፤ አደጋንም ይህ አኗኗር የሚፈተንበት ወቅት አድርጎ ይመለከተዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሮይ ራፓፖርት በኒው ጊኒ ደጋማ ስፍራ በጼምባጋዎች መካከል ባደረጉት ጥናት የአሳማ እርድ በዓሉ የመንጋውን ብዛት፣ የመሬቱን ማረፊያና የጦርነቱን ጊዜ አያይዞ እንደሚያስተካክል ለማሳየት ሞክረዋል። በአገራችን ለዚህ ዓይነት ጥናት የሚሆን ጉዳይ ሞልቷል፤ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን፣ የደቡቡ የእንሰት እርሻ፣ የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ይጠቀሳሉ።

የቦረናን ነገር ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ቱላ ከሚባሉት ጉድጓዶች ውኃው የሚወጣው ወጣቶች አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው፣ በዜማ እየተመሩ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ነው። የየትኛው ቤተሰብ መንጋ በየትኛው ቀንና በስንተኛ ተራ እንደሚጠጣ አባ ሄሬጋ የሚባለው የጉድጓዱ ኃላፊ ይቆጣጠራል። ድርቅ ሲበረታ ከሩቅ የመጡ መንጎች ይጨመራሉ፤ በመጠጫ ቀናት መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ የማን መብት ይቀድማል የሚለው ጥያቄም በግልጽ ይነሳል። ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ ተራውን የሚመዘግብ ተማሪ የዝናብ መለኪያ ጣቢያው የማይነግረውን ነገር ያያል፤ ድርቁ ማንን ቀድሞ፣ ማንን አስከትሎ እንደሚመታ ከተራው ቅደም ተከተል ይገባዋል።

የአቀራረቡ ድክመት ሥርዓቱን በራሱ ሚዛን የሚኖር፣ ከውጭ የተዘጋ አድርጎ ማየቱ ነው። ራፓፖርትም በብርቱ የተተቹት በዚህ ነው። የቦረናን ጉድጓድ ሲያጠኑ የኢትዮጵያንና የኬንያን ድንበር፣ የከብት ገበያውን ወይም የክልሎችን ወሰን የዘነጉ እንደሆነ የሥርዓቱን መዳከም «ባህሉ ስለላላ ነው» ብሎ ወደመደምደም ያደርሳል። ይህ ድምዳሜ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው፤ በሕዝቡም ላይ በደል ነው።

የተጋላጭነት አቀራረብ

ይህ ሁለተኛው መንገድ የሚጀምረው ዝናቡ ከመቅረቱ ከዓመታት፣ አንዳንዴም ከመቶ ዓመታት በፊት ነው። መነሻ ሐሳቡ የተፈጥሮ ክስተትና አደጋ የተለያዩ ናቸው የሚል ነው፤ ክስተቱን ወደ አደጋ የሚለውጠው ሰዎች በኃይል፣ በሀብትና በቦታ የተደለደሉበት ሁኔታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በጂኦግራፊ ባለሙያዎች ዘንድ የተጠናከረው ይህ ሐሳብ በአንትሮፖሎጂም ውስጥ ዛሬ ዋነኛው ሆኗል።

ኢትዮጵያ ለዚህ አቀራረብ ዕድገት ያበረከተችው ትንሽ አይደለም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከ1950 እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ ያሉትን ዓመታት መርምረው፣ ገበሬውን ለረሃብ የሚያጋልጠው ምርቱንና ጉልበቱን የሚወስድበት ሥርዓት እንጂ ድርቁ ብቻውን አለመሆኑን አሳይተዋል። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ደግሞ ያንኑ የወሎ ረሃብ ሲመረምሩ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አለመናሩን፣ እህልም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር ልብ አሉ። እህል ነበረ፤ እህሉን የሚገዛበት አቅም ያጣው ሰው ግን ሞተ። ሁለቱም ሊቃውንት አንትሮፖሎጂስቶች አይደሉም፤ ይሁን እንጂ ስለ ረሃብ የሚጽፍ አንትሮፖሎጂስት የእነርሱን ጥያቄ ሳይመልስ ሊያልፍ አይችልም።

የአፋርን ጉዳይ ከዚህ ጋር ማየት ተገቢ ነው። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች በወንዙ ዳርና ዳር ተስፋፉ። እርሻዎቹ የያዙት ከጠቅላላው የአፋር ምድር ጥቂቱን ነው፤ ነገር ግን ያ ጥቂት መሬት በበጋ ሁሉም ነገር ሲደርቅ መንጋው የሚሸሽበት ለም ሣር ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ድርቁ ሲመጣ የሚሸሹበት ቦታ አልነበረም፤ ከብቱ አለቀ፤ ከከብቱ ኋላ ሰውም ተከተለ። ይህን ታሪክ ዝናቡ ከቀረበት ዓመት የሚጀምር ጥናት ሰማዩን ይከሳል፤ ከ1954 የሚጀምር ጥናት ግን የመስኖ ካርታውን፣ የኮንሴሽን ውሉንና ውሉን የፈረሙትን ሰዎች ያገኛል።

በእኔ አመለካከት ከአምስቱ ትልቁን ጥያቄ የሚጠይቀው ይህ አቀራረብ ነው። ተጠያቂነትን በስሙ ይጠራል፤ «የተፈጥሮ አደጋ» በሚል ሐረግ የሚሸፈነውን ውሳኔ ወደ ብርሃን ያወጣል። ዋጋ ግን ያስከፍላል። ማስረጃው በአብዛኛው የሚገኘው በመንደሩ ውስጥ ሳይሆን በመዝገብ ቤት፣ በመሥሪያ ቤትና በኩባንያ ፋይል ነው፤ ለመንደር ኑሮ የሠለጠነው የእኛ ሙያ እነዚህን በሮች ማስከፈት ይከብደዋል። ከዚህም ሌላ ተጎጂውን ሰው ከላይ የሚወርድበትን ብቻ የሚቀበል አድርጎ የመሳል ዝንባሌ አለው። ይህን ለማረም ሁለት ሥራዎች ይረዳሉ። ደሳለኝ ራህመቶ በወሎ አምባሰል ገበሬው የ1977ቱን ረሃብ ለመቋቋም የወሰዳቸውን እርምጃዎች በቅደም ተከተል አጥንተዋል፤ ምግብ ከመቀነስ ይጀምራል፣ ወደ ከብት ሽያጭ ይሸጋገራል፣ ቀዬን ጥሎ መሄድ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። አሌክስ ደ ዋል ደግሞ በዚያው ዘመን በዳርፉር ሰዎች ለሚቀጥለው ዓመት ዘርና ከብት እንዲተርፍላቸው ሲሉ አውቀው እንደሚራቡ አሳይተዋል። እነዚህን ሁለት ሥራዎች የተረዳ ተማሪ የመጠይቁን ቅርጽ መለወጡ አይቀርም፤ «ምን አጣችሁ?» ከሚለው ይልቅ «ምንን ለማትረፍ ምንን ተዋችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል።

ከአደጋው በፊት ተጀምሮ ከአደጋው በኋላ የሚቀጥል የመስክ ጥናት

ከሁሉ የጸናውን ማስረጃ የሚሰጠው ይህ ነው፤ ለተማሪም ከሁሉ አስቸጋሪው ይህ ነው። ሬይመንድ ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1928ና በ1929 በሰለሞን ደሴቶች ቲኮፒያ የተባለችውን ትንሽ ደሴት አጠኑ። በ1952 ሲመለሱ ከባድ አውሎ ነፋስ ሰብሉን መትቶ ሕዝቡ ወደ ረሃብ እየገባ ነበር። የቀድሞው ማስታወሻ በእጃቸው ስለነበረ የትኛው የዝምድና ግዴታ እንደጸና፣ የትኛው እንደጠበበ ለይተው ማየት ቻሉ፤ ስርቆት በዝቶ፣ ማካፈል ወደ አንድ ቤት ጓዳ ተወስኖ ሳለ የመከባበር ወጉ ግን አልፈረሰም። ይህን የመሰለ ድምዳሜ ከአደጋው በኋላ ብቻ የደረሰ አጥኚ ሊሰጥ አይችልም፤ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚለውን ምስክርነት የሚያመሳክርበት ነገር የለውምና።

አንቶኒ ኦሊቨር ስሚዝ የፔሩን ዩንጋይ ከተማ ያውቋት የነበረው ከጥፋቷ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1970 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከዋስካራን ተራራ የተናደው በረዶና ጭቃ ከተማዋን ቀበራት፤ በአካባቢው በጠቅላላው ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ሰው አለቀ። መንግሥት ከተማዋን ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር ሲወስን የተረፉት ሰዎች እምቢ ብለው ከሙታናቸው አጠገብ ሰፈሩ። እርሳቸውም ለዓመታት እየተመላለሱ መልሶ ማቋቋሙን ተከታተሉ። በኋላ ላይ የመንቀጥቀጡን ታሪክ አምስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ወስደው ተረኩት፤ ከስፔናውያን ወረራ በፊት ሕዝቡ ተበታትኖ ይሰፍር፣ የሣር ክዳን ይጠቀም፣ ለክፉ ቀን ጎተራ ያከማች እንደነበር፣ ወራሪዎቹ ግን በጠባብ መንገዶችና በከባድ የሸክላ ጣሪያዎች ሥር እንዳሰባሰቡት አመለከቱ። ሁለተኛውና ሦስተኛው አቀራረብ በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በአገራችን ከዚህ ጋር የሚስተካከለው የኦሞ ሸለቆ ነው። ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ወደ ሙርሲዎች ተመላልሰዋል። ሙርሲዎች የሚኖሩት በሦስት ነገር ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል በሚተወው ደለል ላይ በሚዘሩት ማሽላ፣ በዝናብ በሚያርሱት ማሳና በከብት። አንዱ ብቻውን አያኖርም። ስለዚህ በታችኛው ኦሞ የወንዙ መሙላት የኑሮ መሠረት ነበር። ያው ወንዝ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ከልክ በላይ ሞልቶ በዳሰነች አካባቢ ከ360 በላይ ሰዎችን ገደለ። ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሙላቱ እንደ ቀድሞው መምጣቱ ቀርቷል፤ በደለሉ ላይ ይዘራ የነበረው ሰው ኑሮም በዚያው ተናግቷል። በ1998 የጀመረ አጥኚ ወንዙን እንደ ገዳይ ያየዋል፤ በ1960ዎቹ የጀመረ ግን ሙላቱን በጉጉት ይጠብቅ የነበረውን ገበሬ ያውቀዋል፤ አደጋው የትኛው እንደሆነም ከዚያ ተነስቶ ይመረምራል። ግድቡ ያስገኘውን ኃይልና የጎርፍ መከላከል ጥቅም ከዚህ ኪሣራ ጋር አስተያይቶ መጻፍ የሚችለው እንዲህ ያለው አጥኚ ነው።

ለማስተርስ ተማሪ ሃያ ዓመት መጠበቅ አይቻለውም። የሚቻለው ሌላ አጥኚ ቀድሞ በደንብ ያጠናውን ቦታ መርጦ መመለስ ነው። በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ያሉ የቀድሞ የመመረቂያ ጽሑፎች በዚህ ረገድ እጅግ ዋጋ አላቸው፤ የሚያነሳቸው ሰው ማነሱ ያሳዝናል።

አደጋው እንደደረሰ የሚደረግ ፈጣን ጥናት

ይህ ታሪኩን ከአደጋው ሰዓት ይጀምራል። አንቶኒ ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ዉስተር ከተማ የደረሰውን አውሎ ነፋስ መርምረው ሰዎች ከድንጋጤ ወደ መረዳዳት፣ ከዚያም ወደ ቅሬታ የሚያልፉባቸውን ደረጃዎች ለይተዋል። ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያደርገውን ሌላ አቀራረብ አይይዘውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የተከሰተው ናዳ ለዚህ ከባድ ምስክር ነው፤ ከ230 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት በእጃቸውና በአካፋ ሲቆፍሩ በሁለተኛው ናዳ የተዋጡ ናቸው። የሟቾቹን ቁጥር የወሰነው የጉርብትና ግዴታ ጭምር ነበር ማለት ነው፤ ይህን የሥነ ምድር ባለሙያ ብቻውን አይነግረንም።

ሆኖም ለጀማሪ አጥኚ ይህን መንገድ አልመክርም። ሐዘንተኛ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ መቅረጸ ድምፅ ማውጣት ፈቃድ ቢሰጥም እንኳ ትክክል ላይሆን ይችላል። በዚያን ሰዓት የሚሰጠው ፈቃድ በእርግጥ ፈቃድ ስለመሆኑም መጠራጠር ይገባል። እርዳታ በሚከፋፈልበት ወቅት በድርጅት መኪና የደረሰ ሰው ደግሞ እንደ መዝጋቢ ነው የሚታየው፤ የቤተሰቡ ቁጥርና የከብቱ ብዛት ሲጠየቅ መልሱ ለአጥኚው ሳይሆን ለእርዳታ ዝርዝሩ ይሰጣል። ይህን ሐሰት ማለት ተገቢ አይደለም፤ ቤተሰቡን ለማኖር የሚደረግ ጥንቃቄ ነው፤ ለጥናቱ ግን መረጃው አይታመንም። ፈጣን ጥናት የግድ ከሆነ አጥኚው ቀድሞ በሚያውቀው ቦታ፣ በእግር ወይም በሕዝብ ማመላለሻ ደርሶ፣ ቢቻል ከአርባው ተዝካር በኋላ ቢያደርገው ይሻላል።

በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ሲገድል ሰዎቹ ለምን እዚያ ይኖሩ እንደነበር የሚለውን ጥያቄ ፈጣን ጥናት ብቻውን ሊመልሰው አይችልም ነበር፤ ወደ ተጋላጭነት አቀራረብ መሻገር ያስፈልገዋል።

የመልክዓ ምድርና የቃል ታሪክ

አምስተኛው መንገድ አካባቢው ራሱ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ ይመረምራል፤ በተለይም «ገበሬው ደኑን አጠፋው» የሚለውን የተለመደ ትረካ ይፈትሻል። ጄምስ ፌርሄድና ሜሊሳ ሊች በጊኒ ኪሲዱጉ ባለሥልጣናት የጥንታዊ ደን ቅሪት ናቸው የሚሏቸው የደን ደሴቶች በአብዛኛው መንደርተኞቹ ራሳቸው ያበቀሏቸው መሆናቸውን አረጋግጠዋል። በኢትዮጵያም ደን ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ ነበር፣ ዛሬ ግን 4 በመቶ ነው የሚለውን በየመድረኩ የሚደጋገም አኃዝ ጄምስ ማካን መርምረው ማስረጃው ደካማ መሆኑን አሳይተዋል። ዶናልድ ክራሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በወሎ የተነሱ ፎቶግራፎችን ይዘው ወደዚያው ቦታ በመመለስና ከስድሳ ዓመት በኋላ ድጋሚ በማንሳት በብዙዎቹ ስፍራዎች ዛፍ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ እንዳልተገኘ አስረዱ። ይህ ጠቃሚ ዘዴ ለተማሪም በገንዘብ ረገድ ቀላል ነው። ሊረሳ የማይገባው ግን ፎቶግራፍ ዛፍን ያሳያል እንጂ ዛፉ የማን እንደሆነ አያሳይም፤ ባሕር ዛፉ የተተከለው እህል ይበቅልበት በነበረ ማሳ ላይ ሊሆን ይችላል።

የቃል ታሪክን በሚመለከት አንድ ተግባራዊ ነገር ላክል። ሽማግሌዎች ዓመት የሚቆጥሩበት የራሳቸው መንገድ ስላላቸው አጥኚው በቁጥር ብቻ ከጠየቀ የተዘበራረቀ መልስ ያገኛል። በሰሜን ብዙ ገበሬዎች ዘመኑን በወንጌላዊው ስም ያስታውሳሉ፤ 1966 ዘመነ ማርቆስ፣ 1977 ዘመነ ማቴዎስ ነበረ። ይህን ከአንድ ልጅ ልደት ወይም ከቀበሌ ማኅበሩ መቋቋም ጋር ማመሳከር ዓመቱን በትክክል ያስገኛል። በቦረና ደግሞ ድርቁ በየትኛው አባ ገዳ ዘመን እንደነበረ ይጠየቃል፤ እያንዳንዱ ዘመን ስምንት ዓመት ስለሆነ የጊዜ ቅደም ተከተሉ ወደ ኋላ ረጅም ርቀት ይሄዳል። በ1880ዎቹ የክፉ ቀን ዘመን፣ በውጭ ከብት የገባው የከብት ደስታ በሽታ አገሩን ሲያራቁት የነበረውን ሁኔታ ከመዝገብ ውጭ ማግኘት የሚቻለው በዚህ ዓይነት ትውስታ ነው፤ ለዚህም የሚናገሩት ሰዎች በሕይወት ሳሉ መሥራት ያስፈልጋል።

ለማን የትኛው?

ሦስት ወይም አራት ወር የመስክ ጊዜ ያለው የማስተርስ ተማሪ አምስተኛውን ከሁለተኛው ጋር ቢያጣምር ይሻለዋል፤ አንድ ቀበሌ፣ አንድ የታወቀ ክፉ ዓመት፣ ጥቂት ቤተሰቦች፣ ከእነዚህም ጋር የወረዳው መዝገብ በቂ ናቸው። የዶክትሬት ተማሪ ዓመት ተኩል ካለው ቀድሞ ወደተጠና ቦታ መመለስን ያስብ። በእርዳታ ድርጅት ወይም በአደጋ ሥጋት አመራር መሥሪያ ቤት የሚሠራ ባለሙያ ፈጣኑን ጥናት መሸሽ አይችልም፤ እርሱ ሊያደርግ የሚችለው ከጥናቱ ጋር የቀድሞ ሥራዎችን ማንበብና እርዳታ የሚመዘግበውን ሰው ከሚጠይቀው ሰው መለየት ነው። የባህል ሥነ ምህዳሩን ብቻውን መምረጥ የሚገባው ጥያቄው ስለ ውኃ፣ ስለ ግጦሽ ወይም ስለ ሰብል አያያዝ በቀጥታ ሲሆን ነው፤ በዚያም ጊዜ ከቀበሌው ወሰን ውጭ ያለውን ገበያና ሕግ በአንድ ምዕራፍ ማካተት ይኖርበታል።

የምርጫው መፈተኛ ቀላል ነው። ተማሪው ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ለአማካሪው በሚያቀርበው ወረቀት ላይ የታሪኩን መጀመሪያ ቀን ይጻፍ፤ ከሥሩ ያንን ቀን የመረጠበትን ምክንያት በአንድ አንቀጽ ያስረዳ፤ ከዚያም ታሪኩ ከዚያ ሃያ ዓመት ቀድሞ ቢጀመር ማን ተጠያቂ እንደሚሆን ይጨምር። ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው የተለየ ከሆነ በሁለቱ ቀኖች መካከል ያሉት ዓመታት በመስክ ሥራው የመጀመሪያ ወር ላይ በቅድሚያ የሚጠየቁት ዓመታት ይሆናሉ።